እሺ በያት፤ ከዚያ በፊት ግን እናትሽን ጠይቂ

ይድረስ ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የ14 ዓመት ልጃችን ከጓደኛዋ ቤተሰብ ጋር የእንስሳት ሼልተር (መጠለያ) ደርሳ ከመጣች ወዲህ «ፎስተር እናድርግ» እያለች ፋታ ነሥታናለች። አምስት ሳምንት ገደማ የሆናቸው፣ እናት የሌላቸው አራት ቡችሎች አሉ፤ ቋሚ ባለቤት እስኪያገኙ ቤቱ የሚያቆያቸው ሰው ይፈለጋል ትላለች። ባለቤቴም እኔም ቀን ቀን ሥራ ነን። እማዬ ከደሴ መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ልጅ ሳለች ታናሽ ወንድሟ በእብድ ውሻ ተነክሶ ሞቶባታል፤ እስከ ዛሬ ውሻ ስታይ መንገድ ትቀይራለች። «ውሻ የገባበት ቤት ጸሎት አያርግም» ትላለች ደግሞ። ባለቤቴ «አንቺ እንዳልሽ፣ እኔ የለሁበትም» ብሏል። የእኔ ጭንቀት ግን ሌላ ነው። ልጄ ሆደ ባሻ ናት። ከለመደቻቸው በኋላ ሲወስዱባት ምን ትሆንብኛለች? ከአሁኑ ብከለክላት ይሻላል ወይስ ልፍቀድላት?

እናት ነኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ

እህቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ልጅሽ የጻፍሽው ሁሉ ገብቶኛል፤ እመለስበታለሁ። ከሁሉ በፊት የያዘኝ ግን አንድ ጥያቄ ነው። አንቺና ባለቤትሽ ሥራ ትሄዳላችሁ፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እነዚያ አራት ቡችሎች ከጠዋት እስከ ማታ ከማን ጋር ሊውሉ ነው? ቀን ቀን ቤት ያሉት እናትሽ ብቻ ናቸው። ሲያለቅሱ የሚሰሙት እሳቸው፣ አምልጠው ሳሎን ሲገቡ የሚያገኟቸው እሳቸው፣ አንዱ ሲያስመልሰው ሥራ ቦታ የሚደውሉልሽ እሳቸው ናቸው። ቅጹ ላይ የሚፈርመው ማንም ይሁን ማን፣ ፎስተር የሚያደርጉት እናትሽ ሊሆኑ ነው። ወንድማቸውን በእብድ ውሻ ያጡ ሴት።

ስለዚህ መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ፎስተር ለማድረግ እሺ በያት። ለአራቱ ቡችሎች ግን እምቢ በይ። እሺታሽም እናትሽ ፊት፣ እናትሽ ተስማምተው የሚሰጥ ይሁን።

ነገሩን በቅርብ ለማያውቁ አንባቢዎች ትንሽ ልበል። ፎስተር ያደረግሽው ውሻ ያንቺ አይሆንም፤ የሼልተሩ እንደሆነ ይቆያል። ክትባቱን፣ መድኃኒቱን፣ እንዳይወልድ የሚደረግለትን ኦፕራሲዮን የሚሸፍነው ሼልተሩ ነው። ብዙ ቦታ ምግቡንም፣ የሚተኛበትን የሽቦ ቤትም፣ ማሰሪያውንም ይሰጣሉ። ከቤተሰቡ የሚፈለገው ቦታ፣ ጊዜና ዓይን ነው። አደራ ነውና ለጎረቤት አሳልፎ መስጠት፣ ለዘመድ «አንተ ያዘው» ማለት፣ ሳይጠይቁ ወደ ሌላ ሐኪም መውሰድ አይፈቀድም። በእናንተ አካባቢ አሌክሳንድሪያም፣ አርሊንግተንም፣ ፌርፋክስም፣ ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲም እንዲህ ዓይነት በጎ ፈቃደኛ ቤተሰቦችን የሚቀበሉ ሼልተሮች አሏቸው።

ለምን ይፈለጋል ብትዪኝ፣ ሼልተር ምንም ያህል ደግ ሰው ቢሠራበት ለውሻ ከባድ ቦታ ነው። የሲሚንቶ ወለል፣ የብረት በር፣ አንዱ ሲጮኽ ሃያው ተከትሎ የሚጮኽበት፣ መብራት ሲጠፋ ሰው የሌለበት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አለ። ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ በአምስት ሼልተሮች የነበሩ 207 ውሾችን ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት ሰው ቤት አሳድረው፣ ኮርቲሶል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን በሽንታቸው ለኩ። ሰው ቤት ባደሩበት ጊዜ መጠኑ ወረደ። ወደ ሼልተር ሲመለሱ ደግሞ ከመውጣታቸው በፊት ወደነበረበት ተመለሰ እንጂ ከዚያ አልበለጠም። ይህን የምነግርሽ ብዙ ሰው «አውጥቶ መልሶ መክተት ከጭካኔ ይቆጠራል» ስለሚል ነው። ሁለት ሌሊት እንኳ ለውሻው ትርፍ ነው።

አሁን ወደ ቡችሎቹ። አምስት ሳምንት የሞላው ቡችላ ጡት ጥሎ በውኃ የራሰ ምግብ መላስ የጀመረ ነው። በቀን አራት ጊዜ ያህል ይበላል፤ ሳህኑ ውስጥ ገብቶ ይቆማል፣ በዚያው እግሩ የራሱን ቆሻሻ ረግጦ ወንድሙ ጀርባ ላይ ይወጣል። አራት ሲሆኑ ወለሉ በየሰዓቱ ይጠረጋል ብትዪ ማጋነን አይደለም። በየቀኑ እየተመዘኑ ኪሎ መጨመራቸው መታየት አለበት፤ ያልጨመረው ታሟል ማለት ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ሳምንት ሞልቷቸው ሁለት ፓውንድ ያህል እስኪመዝኑ፣ ለኦፕራሲዮን እስኪደርሱ፣ ከፎስተር ቤት አይወጡም።

ከሥራው በላይ ደግሞ ፓርቮ የሚባል በሽታ አለ። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ1978 አካባቢ የተሰራጨ ቫይረስ ነው። ያልተከተበ ቡችላ ሲይዝ በደም የተቀላቀለ ተቅማጥና ትውከት ያመጣል፤ ካልታከመ በቀናት ውስጥ ይገድላል። አፈር ላይ ለወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ሙሉ ሳይሞት ይቆያል፤ ከመንገድ በጫማ ቤት ሊገባ ይችላል። (ጫማ በር ላይ የማውለቅ ልማዳችን እዚህ ላይ በጣም ይጠቅማል።) ተራ ሳሙና አይገድለውም፤ አንድ ጋሎን ውኃ ላይ ግማሽ ኩባያ በረኪና ቀላቅሎ ማጽዳት ያስፈልጋል። የሼልተር ቡችሎች ክትባታቸውን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ዕድሜ ላይ ይጀምሩና አራትና አምስት ወር እስኪሞላቸው በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ይደገምላቸዋል። እስከዚያ ድረስ ሌላ ውሻ የረገጠው ሣር ላይ አይወርዱም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ውሻ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ አራተኛው ገደማ ባለው ጊዜ ያየውንና የሰማውን ነገር ሲያድግ ብዙም አይፈራም፤ ያላየውን ግን ሊፈራ ይችላል። ስለዚህ ለነዚህ ቡችሎች መመገብና ማጽዳት አይበቃቸውም። ወለሉ ላይ ተቀምጦ የሚያቅፋቸው፣ የቫኩም ድምፅ የሚያሰማቸው፣ ኮፍያ ያደረገ ሰው፣ ሕፃን ልጅ፣ ዣንጥላ የሚያሳያቸው ሰው ቀኑን ሙሉ ይፈልጋሉ። እናንተ ደክማችሁ ማታ የምትገቡ ናችሁ። እናትሽን ደግሞ በዚህ ላይ መጠየቅ ግፍ ነው።

ቡችላ የሚወስድ ቤተሰብ ብዙም አይጠፋም፤ ልጅሽ በዚህ አትዘን። ሰው የሚያልፈው ትልቁን ነው። አምስት ዓመት፣ ሰባት ዓመት የሆነውን፣ ፎቶው ላይ ጆሮውን ጥሎ ጥግ ይዞ የተቀመጠውን። እኔ ለልጅሽ የምመኝላት እንዲህ ያለውን አንድ ውሻ ነው። ለቤታችሁም የሚቀለው እሱ ነው። ከቤት ውጭ መሽናት የለመደ ከሆነ ቀኑን ተኝቶ ይውላል፣ ጠዋትና ማታ ይወጣል፣ ክትባቱን ጨርሷል።

አንዲት ውሻ ነበረች እኔ ጋ የቆየች፤ ዝንጉርጉር፣ አፈ ሰፊ፣ ወገቧ ወፈር ያለ። የሼልተሩ ካርድ ላይ «ሰው አትቀርብም፣ ምግብ ትተዋለች» ተብሎ ተጽፎባታል። ቤት እንደገባች ከኩሽናው ደጃፍ ቆመች፤ የፊት እግሮቿን ጣቶች ጣውላው ከሸክላው ወለል የሚገናኝበት መስመር ላይ አድርጋ፣ አንዲት ጣት እንኳ ሳታሳልፍ። ሳህኑን ባስጠጋላትም ዓይኗን ትመልሳለች። ጀርባዬን ሰጥቼ ዕቃ ሳጥብ ግን ከኋላዬ ቀስ ያለ የማላመጥ ድምፅ ሰማሁ። ዘወር ስል አቆመች። ስመለስ ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ሳህኗን አስቀምጬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ነበር። ቀናት አልፈው ምስር ስለቅም መጥታ አገጯን ነጠላ ጫማዬ ላይ ጣለች፤ ምስሩ እስኪያልቅ እግሬን አላነቃነቅኩም።

ይህን ለሼልተሩ ሰዎች ጻፍኩላቸው። «ሲያዩዋት አትበላም፤ ጀርባ ሲሰጧት ጥርግ አድርጋ ትበላለች። ጸጥ ያለ ቤት ትወዳለች» ብዬ። ሼልተሩም ካርዱን ቀየረው። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት አንብበው መጡና ወሰዷት። ሼልተሩ ውስጥ ብትቆይ ኖሮ ይህን ማንም አያውቅላትም ነበር፤ እዚያ ጀርባ የሚሰጣት ሰው የለማ። ፎስተር የሚያደርግ ቤተሰብ ከምንም በላይ የሚሰጠው ይህን ነው፦ ውሻው ቤት ውስጥ ማን እንደሆነ ይናገርለታል። ብቻውን ሲቀር ያለቅሳል ወይ? ደረጃ ይወጣል ወይ? ከልጅ ጋር እንዴት ነው? ድመት ሲያይስ? ሊወስደው የሚያስብ ሰው ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ናት፤ ልብ ብላ ታያለች፣ ደብተር ትይዛለች፣ ፎቶ ታነሣለች።

አሁን ስለ እናትሽ። ፍርሃታቸውን «የድሮ ሰው» ብሎ ማለፍ ትልቅ በደል ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፤ እሳቸው ያዩት የታናሽ ወንድማቸውን ሞት ነው። በአገራችን የተነከሰ ሰው ሆዱ ላይ በየቀኑ ይወጋው የነበረው የመርፌ ብዛት፣ ያንንም ለማግኘት ከገጠር ከተማ ድረስ ይደረግ የነበረው ጉዞ፣ ያ ሁሉ በሳቸው ዕድሜ ላሉ ሰዎች በዓይን የታየ ነገር ነው። ስለዚህ እውነቱን በእርጋታ ንገሪያቸው። አሜሪካ ውስጥ ከውሻ ወደ ውሻ ሲተላለፍ የኖረው የበሽታው ዓይነት በክትባት ጠፍቷል፤ የአገሪቱ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ሲዲሲ ይህን እ.ኤ.አ. በ2007 አስታውቋል። በሽታው እንደ ራኩንና የሌሊት ወፍ ባሉ የዱር እንስሳት ላይ አሁንም ስላለ ክትባቱ ግዴታ ሆኖ ቀጥሏል። ቨርጂኒያ ውስጥ አራት ወር የሞላው ውሻ ሁሉ መከተብ አለበት። የተከተበ ውሻ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ አንገቱ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ብረትም አለው።

ትልቅ ውሻ ያልኩሽ ለዚህም ነው። አምስት ሳምንት የሆነው ቡችላ ለእብድ ውሻ ክትባት ገና አልደረሰም፤ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ከ12 ሳምንት በኋላ ነው። እናትሽን «አይዞሽ፣ ተከትቧል» ማለት አትችዪም። ትልቁን ግን ወረቀቱን ፊታቸው አስቀምጠሽ፣ ቀኑን አንብበሽላቸው፣ አንገቱ ላይ ያለውን ብረት አሳይተሽ መናገር ትችያለሽ።

ከዚያም ቤቱን እሳቸው እንዳይጨነቁ አድርጊ። የሳቸው ክፍል ለውሻው ዝግ ነው፤ ማንም በሩን ክፍት አይተውም። ከሳሎን ወደ መኝታ ቤቶቹ በሚወስደው ኮሪደር ላይ ለሕፃናት የሚደረገውን መከላከያ በር ትከሉ። እሳቸውና ውሻው ብቻቸውን የሚውሉበት ቀን አይኑር። አዎ፣ አንድም ቀን። ለዚህ ነው ጊዜውን ክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋና ልጅቷ ቤት ስትውል አድርጉት የምለው። ከዚያም በፊት በአንድ ቅዳሜና እሁድ ጀምሩ። ውሻ ለአንድ ሌሊት ወይም ለሳምንት መጨረሻ የሚሰጡ ሼልተሮች አሉ፤ ስትደውዪ ጠይቂያቸው። አርብ ማታ መጥቶ እሁድ የሚመለስ ውሻ ለእናትሽም መሞከሪያ ነው፣ ለልጅሽም፣ ላንቺም።

የጸሎቱን ነገር እኔ አልፈርድም። እናትሽ የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ፤ አንቺም አብረሽ ስሚ። ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንደማይገባ ሁላችንም እያወቅን ያደግን ነን፤ ከመኖሪያ ቤት ጋር ስላለው ጉዳይ የሚመልሱልሽ ካህኑ ናቸው። ሥዕለ አድኅኖ ያለበትን ጥግ ውሻው በማይገባበት ክፍል አድርጉት፤ ይህ ክርክር የሚያስነሣ አይደለም። እናትሽ የጳጉሜን 3ን የቅዱስ ሩፋኤልን በዓል የሚያከብሩ ከሆነ ግን አንድ ነገር አስታውሺያቸው፦ መልአኩ ጦቢያን መንገድ ሲመራው የልጁ ውሻም አብሮ ተከትሏል፤ ሲመለሱም ከኋላቸው ነበር። ለማሸነፍ ብለሽ አትንገሪያቸው። እንዲያስቡት ብቻ።

ስለ ማድቤት ጥቂት ልንገርሽ፤ የሼልተር ሠራተኛ ይህን ለኛ ቤት አስቦ አይነግርሽም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬውም የበሰለውም የደረቀውም፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያበላሻል። ሽንኩርት የሌለበት ወጥ አለን? ሽሮም፣ ምስርም፣ ቁሌት ያለበት ሁሉ ለውሻ አይሰጥም። የዶሮ ወጥ አጥንት ደግሞ ሲበስል እንደ ስለት ይሰነጠቃል፤ ጉሮሮና አንጀት ይቀድዳል። ዘቢብ ኩላሊት ይጎዳል። ጥሬ ቡናና አተላው ልብ ያስመታል። ስኳር የሌለው ማስቲካ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ በትንሹም አደገኛ ነው። ሊጥ ቡኮ ከተቀመጠበት ራቅ ይበል፤ ሆዱ ውስጥ ይነፋል። እና እንግዳ! ማኅበር ወይም ዝክር ካላችሁ አንድ ደግ ሰው ጠረጴዛ ሥር አጥንት ሳያቀብለው አይቀርም። ያን ቀን ውሻው ሌላ ክፍል ይዋል።

ቡናም ስትጠጡ አስቢ። ረከቦቱ ወለል ላይ ነው፣ ከሰሉ ወለል ላይ ነው፣ የትልቅ ውሻ ጅራት ቁመት ደግሞ ልክ ከሲኒዎቹ ጋር እኩል ነው። ደስ ሲለው አንድ ጊዜ ቢያወዛውዘው ስኒው ሁሉ ከረከቦቱ ይወርዳል፤ ከዚያም የሚብሰው እሳቱ ነው። ልጅሽ በማሰሪያ ይዛው ራቅ ብላ ትቀመጥ። ዕጣኑም በጣም ሲጨስ መስኮት ክፈቱ፤ አፍንጫው ከኛ እጅግ የበረታ ነው።

ቤቱን ተከራይታችሁ ከሆነ ውሉን ዛሬ አውጥተሽ አንብቢ። ውሉ ላይ «እንስሳ አይፈቀድም» ከተባለ ለጊዜው የመጣ ውሻም እንስሳ ነው። አከራዩ በቃል እሺ ቢል አይበቃም፤ ሼልተሩም በጽሑፍ ይፈልገዋል። አንዳንድ ቤቶች በውሻው ዘርና በክብደቱ ይገድባሉ፤ ስለዚህ ውሻውን ሳትመርጡ ይህን አጣሩ። ሼልተሩን ስትጠይቂ ደግሞ እነዚህን አትርሺ፦ ሌሊት ቢታመም የምንደውለው ለማን ነው? ሰው ቢነክስ ወይም ዕቃ ቢያበላሽ ተጠያቂው ማን ነው? ቃል የገባንለት ጊዜ አልቆ ባለቤት ካልተገኘ ምን ይሆናል? መልሱን በጽሑፍ ያዥ። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ አንዳንዴ ውሻው የሚመለሰው ወደ ሼልተሩ ነውና ልጅሽ ይህን ሳትሰማ እንዳትጀምሩ።

ወደ ጭንቀትሽ መጣሁ። ልጅሽ ታለቅሳለች። ይህን ላስቀርልሽ አልችልም፤ እንዲቀርም አልመኝም። ውሻውን ወዳ ስታስረክብ ካላለቀሰች ነው የሚገርመኝ። ልጅን የሚጎዳው ግን ሳይነገረው፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚወደው ነገር ጠፍቶ ማግኘቱ ነው። እዚህ ላይ ሁሉም ነገር አስቀድሞ ይታወቃል። ውሻው ከመምጣቱ በፊት «የኛ አይደለም፤ እኛ ጋ የቆየ አደራ ነው» በሏት። በየቀኑ ስለሱ ትጻፍ። ፎቶውን እሷ ታንሣ። ሊወስዱት የሚመጡትን ሰዎች፣ ሼልተሩ ከፈቀደ፣ እሷ ታግኛቸው፤ የሚፈራውን፣ የሚወደውን፣ ማታ የት እንደሚተኛ እሷ ትንገራቸው። ማሰሪያውን በገዛ እጇ ስታቀብላቸው ነጥቀው የወሰዱባት አይመስላትም።

አንዳንድ ቤተሰብ ውሻውን ይወድና ያስቀረዋል፤ እዚህ «ፎስተር ፌይል» ይሉታል፤ ክፉ ነገር አይደለም። እናንተ ግን ለመጀመሪያው ውሻ «አናስቀርም» ብላችሁ ከወዲሁ ተስማሙ። ምክንያቱን ለልጅሽ ግለጪላት፦ አንዱን ካስቀሩ ለቀጣዩ ቦታ አይኖርም፣ ሰባት ዓመት የሞላው ያ ሌላው ጥግ ይዞ ይቀራል፤ ደግሞም አያቷ እሺ ያሉት ለጊዜው ለሚቆይ ውሻ ነው እንጂ አሥር ዓመት አብሯቸው ለሚኖር አይደለም። ለሽማግሌ የተሰጠ ቃል አይታጠፍም።

ውሻው የመጣ ጊዜ ደግሞ ሁላችሁም ታገሡት። የሼልተር ሰዎች 3 ቀን፣ 3 ሳምንት፣ 3 ወር ይላሉ፤ በሦስት ቀን ድንጋጤው ይበርዳል፣ በሦስት ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ይለምዳል፣ በሦስት ወር ቤቴ ነው ይላል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንግዳ አትጥሩ፣ የልጅሽ ጓደኞችም ተሰብስበው አይምጡ። ሲተኛ አይነካ፣ ሲበላ አይነካ። ጥግ ከያዘም ይያዝ። ትእዛዝ ልጅሽ በአማርኛ ብታስተምረውም ይለምዳል፤ የሚወስደው ቤተሰብ ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚያዘውና በእጅ ምልክት ጭምር አስተምሩት፤ ምልክቱ ለማንም ይሠራል።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ልጅሽ የአያቷን ወንድም ታሪክ ታውቃለች? በደብዳቤሽ ሳየው የምታውቅ አልመሰለኝም። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቡናው ሲፈላ እናትሽ እንዲነግሯት ለምኛቸው፤ ልጁ ስሙ ማን እንደነበር፣ ስንት ዓመቱ እንደነበር፣ ምን እንደደረሰበት። ልጅሽ ዝም ብላ ትስማ። በዚያ ቀን ስለ ውሻ ምንም አትጠይቅ። ሌላ ቀን፣ ሳምንትም ቢሆን ቆይታ፣ አያቷን ራሷ ትጠይቅ፤ ለአንድ ቅዳሜና እሁድ፣ የተከተበ፣ በሳቸው ክፍል የማይገባ አንድ ውሻ። አንቺ አትለምኚላት።

እናትሽ «አይሆንም» ካሉ አይሆንም። ይህን ለልጅሽ ሳትንገዳገጂ ንገሪያት፤ ቤቱ የሳቸውም ነው። ያኔም ቢሆን በሯ አልተዘጋም። ሼልተሩ ልጆች ከወላጅ ጋር ሆነው የሚያገለግሉበት ዕድሜ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። የሚፈቀድ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት አብረሻት ሂጂ፤ ውሻ ታናፍስ፣ ብርድ ልብስ ታጥብ፣ ሽቦው አጠገብ ተቀምጣ ታንብብላቸው፣ ማንም ያላያቸውን ልብ ብላ አይታ ካርዳቸው ላይ የሚጻፈውን ትጻፍላቸው። መኪናውን አንቺ ንጂ፤ ባለቤትሽም አንዳንድ ቅዳሜ ይውሰዳት፤ «እኔ የለሁበትም» ያለው እዚያ ላይ ያብቃ።